ጭላዳ፣ ነብርና አሥር በመቶው፦ ከጎንደር የተነሣ የምግብ ሰንሰለት ክርክር

በአንድ የመወያያ መድረክ ላይ ጥያቄውን ያነሣውና ይህን የመልስ ክር የከፈተው ጎንደር ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ነው። ሣር፣ አንበጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ንስር እያለ የሚሄደውን የመጽሐፍ ሰንሰለት ትቶ ልጆቹ በቅርብ በሚያውቁት በሰሜን ተራሮች ሊያስተምር አስቧል፦ ሣር፣ ጭላዳ፣ ነብር። ስሌትም አያይዞ ነበር። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፈው 10 በመቶ ብቻ ነው በሚለው ደንብ መሠረት 10,000 ኪሎ ሣር 1,000 ኪሎ ጭላዳ ያኖራል፤ 1,000 ኪሎ ጭላዳ ደግሞ 100 ኪሎ ነብር። ትክክል ነው ወይ? አሥር በመቶውስ ከየት መጣ?

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ፤ ምስጋና ብቻ የያዙትን ዘልያለሁ። ልጆቻችን ይህን ቁጥር ሸምድደው ተፈትነው ያልፋሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ መምህር ሲገኝ መልሱ ተሟልቶ ሊሰጠው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው ጊዜ የወሰድኩበት።

መልስ 1 ትሁት ነው። ሐሳቡን አመስግኖ ሰንሰለቱ እንደሚያስኬድ ይናገርና ሦስት ማስተካከያ ያክላል። ጭላዳ ከምግቡ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ ሣር ስለሆነ ለትምህርት የሚመች እንስሳ ነው፤ በቂጡ ተቀምጦ ቅጠሉን በጣቶቹ እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ግን መሬት ቆፍሮ ሥራሥር ስለሚበላ ሰንሰለቱ በወቅት ይለወጣል። ሁለተኛው ማስተካከያ፣ ነብር በተራራው ላይ ጥቂት ስለሆነና ጭላዳም ሌሊቱን ገደል ላይ ስለሚያድር በዚህ መስመር የሚያልፈው ጉልበት ትንሽ መሆኑ ነው። ጎን ለጎን ሣር፣ የሣር አይጥ፣ ቀይ ቀበሮ የሚለው መስመር ቢሳል ይሻላል። ሦስተኛው ስለ ቀስቱ ነው። ተማሪዎች ቀስቱን ከበይው ወደ ተበይው ያዞሩታል። ቀስት የሚያሳየው ጉልበቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ስለሆነ ከሣሩ ተነሥቶ ወደ ጭላዳው መጠቆም አለበት።

መልስ 2 የቁጥሩን ታሪክ ይዞ መጣ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን በ1927 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እንስሳት እንደሚያንሱ በፒራሚድ አሳይቶ ነበር። ነገሩን በጉልበት የለካው ግን አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን ነው፤ በሚኒሶታ አንዲት ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ ላይ ሠርቶ ጽሑፉ በ1942 ወጣ፤ እሱ ግን ጽሑፉ ሳይታተም በዚያው ዓመት ሞቶ ነበር። የሊንደማን ውጤት ግን 10፣ 10፣ 10 አይልም። ተክሎቹ ከፀሐይ የያዙት 0.1 በመቶ፣ ተክል በሎቹ ከተክሎቹ የወሰዱት 13.3 በመቶ፣ ሥጋ በሎቹ ከእነዚያ የወሰዱት 22.3 በመቶ ነው። አሥር በመቶ ከዚያ በኋላ ለማስታወስ እንዲመች የተጠጋጋ ቁጥር ነው ብሎ ይዘጋል።

መልስ 3 በዚህ ላይ የሃዋርድ ኦደምን መለኪያ ጨመረች። በ1957 የታተመው የፍሎሪዳው ሲልቨር ስፕሪንግስ ምንጭ ጥናት በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት፣ በኪሎካሎሪ (የጉልበት መለኪያ)፣ እንዲህ ነው፦ ተክሎች 20,810፣ ተክል በሎች 3,368፣ ሥጋ በሎች 383፣ የበላዮቹ ሥጋ በሎች 21። ሲካፈል 16 በመቶ፣ 11 በመቶ፣ 5.5 በመቶ ገደማ ይመጣል። እዚህ መቶኛው ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል፤ በሊንደማን ይጨምር ነበር። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ በቂ ነው ትላለች፤ ተማሪው ቁጥሩ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ራሱ ያየዋል። አራተኛው እርከን ላይ 21 ብቻ ከቀረ አምስተኛ እርከን ለምን እንደማይኖርም ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። እኔም ክፍል ውስጥ የሚገባ አንድ ሰንጠረዥ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መልስ 4 ላይ ድምፁ ጠነከረ። ጸሐፊው ሰላምታ ሳያስቀድም የመምህሩ ስሌት ከሥሩ የተሳሳተ ነው ይላል፤ ኪሎና ጉልበት ተምታተዋልና። ጭላዳው ዛሬ ተመዝኖ የሚገኘው ክብደት ክምችት ነው፤ 10 በመቶው የሚናገረው ግን ስለ ክምችት ሳይሆን በዓመት ውስጥ ስለሚፈሰው ነው። መለኪያው ኪሎጁል ወይም ኪሎካሎሪ፣ ከሥሩም በካሬ ሜትር በዓመት የሚል መኖር አለበት። ለማስረጃ የእንግሊዝን ቻናል ባሕር ያነሣል፦ በአንድ ካሬ ሜትር 4 ግራም ተንሳፋፊ አልጌ 21 ግራም ረቂቅ የውኃ እንስሳትን ይመግባል። በኪሎ ከታየ ፒራሚዱ ተገልብጧል። ምስጢሩ አልጌው በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተባዛ ወዲያው መበላቱ ነው፤ ክምችቱ ትንሽ፣ ፍሰቱ ብዙ። የጉልበት ፒራሚድ ግን በየትም ቦታ አይገለበጥም፤ ከታች ያልገባ ጉልበት ከላይ ሊወጣ አይችልም።

መልስ 5 የመነሻው መምህር ነው። እርማቱን ተቀብሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ የቀረው ዘጠና በመቶ የት ይገባል? ልጆቹ በሙቀት ይጠፋል ብለው ይመልሳሉ፤ ሁሉም በሙቀት ነው ወይ?

መልስ 6 ከክሩ ሁሉ የምወደው ነው። አንድ አንጋፋ መምህር ናቸው የጻፉት። መቶኛውን በአንድ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ ይላሉ። ከበቀለው ውስጥ ስንቱ ተበላ? ከተበላው ስንቱ በአንጀት ተፈጭቶ ወደ ደም ገባ? ወደ ደም ከገባው ስንቱ ሥጋ፣ አጥንት፣ ግልገል ሆነ? ሦስቱ ተባዝተው ነው የሚያልፈው የሚታወቀው።

ቁጥሮቹንም አስቀምጠዋል። ተክል በል እንስሳት ከዓመቱ ምርት የሚበሉት በደን ውስጥ 5 በመቶ ገደማ፣ በሣር ምድር 25 በመቶ ገደማ፣ ውኃ ላይ ከሚንሳፈፈው አልጌ 50 በመቶ ገደማ ነው። ሣር የሚበላ እንስሳ ከበላው ግማሽ ያህሉን ያስቀራል፣ የቀረው ፋንድያና እበት ሆኖ ይወጣል፤ ሥጋ በል ግን 80 በመቶውን ያስቀራል፤ ሥጋ ከገለባ ይልቅ ለመፈጨት ቀላል ነውና። ትልቁ ልዩነት ሦስተኛው ላይ ነው። አጥቢዎችና ወፎች ደማቸውን ለማሞቅ ሌት ተቀን ስለሚያቃጥሉ ወደ አካል የሚለውጡት ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ዓሣ 10 በመቶ ገደማ፣ ሣር በል ነፍሳት 40 በመቶ ገደማ ይደርሳሉ።

ከዚያ በተራራው ላይ አስልተውታል። 100,000 ኪሎጁል ሣር በቀለ እንበል። 25,000 ተበላ። 12,500 ወደ ደም ገባ። ከዚህ 2 በመቶው፣ ማለትም 250 ኪሎጁል፣ አዲስ አካል ሆነ። ይህ ከመነሻው 0.25 በመቶ ነው፣ ከአሥር በመቶው አርባ እጥፍ ያነሰ። ምክንያቱን ሲናገሩ፣ ሊንደማንም ኦደምም የለኩት ውኃ ውስጥ ነው ይላሉ፤ እዚያ በዪዎቹ በአብዛኛው ቀዝቃዛ ደም ያላቸው ናቸው። ተራራ ላይ ሣር ለሚነጭ ዝንጀሮ ያንን ቁጥር መስጠት የሐይቅን ሒሳብ ደጋ ላይ መጫን ነው። የመምህሩ ጥያቄም በዚሁ ተመለሰ፦ ከ100,000 ውስጥ 75,000 ሳይበላ ቀርቶ ይበሰብሳል ወይም በእሳት ይቃጠላል፤ 12,500 እበት ነው፤ በትንፈሳ ሙቀት ሆኖ የወጣው 12,250 ነው። ሁሉም በሙቀት ይጠፋል የሚለው መልስ ትክክል የሚሆነው አብስባሾቹም ድርሻቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

መልስ 7 ከዚህ ጋር ተጋጨ። የዶሮ እርባታ የሚያውቅ ሰው ነው። ጥሩ መኖ የሚበላ የሥጋ ዶሮ በ2 ኪሎ መኖ 1 ኪሎ ይጨምራል፤ ይህ 50 በመቶ ነው፤ ታዲያ ወፍ 2 በመቶ ብቻ ይለውጣል የሚለው ከየት መጣ ብሎ በቁጣ ይጠይቃል። መጽሐፍ ሳያነቡ ቁጥር መበተን ተማሪ ማሳሳት ነው የሚል ቃልም ጨምሯል።

መልስ 8 እንደዚያው ስለታም ነው፤ ሰውየው ራሱ ሁለት ነገር አላመዛዘነም ይላል። መኖው ደረቅ ነው፣ ዶሮዋ ግን አብዛኛው ክብደቷ ውኃ ነው። በጉልበት ሲሰላ 2 ኪሎ መኖ 32 ሜጋጁል (አንድ ሜጋጁል 1,000 ኪሎጁል ነው) ገደማ ሲይዝ 1 ኪሎ የቁም ዶሮ 8 ወይም 9 ሜጋጁል ነው የሚይዘው፤ ሩብ ገደማ። ደግሞም የእርባታ ዶሮ ከአዳኝ አትሮጥም፣ ምግብ አትፈልግም፣ እያደገች ሳለ በስድስት ሳምንት ገደማ ትታረዳለች። ዱር ውስጥ የጎለመሰች ቆቅ የበላችውን ሁሉ የምታጠፋው ክብደቷን ጠብቃ ለመኖር ነው። የገበሬን የእርሻ በሬም አስቡት ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ገለባና ድርቆሽ በልቶ ክብደቱ ያው ነው። ጉልበቱ ሞፈርና ቀንበር ላይ፣ በላቡና በትንፋሹ ወጥቷል።

መልስ 9 የአወያዩ ማሳሰቢያ ነው፤ ቁጥርን በቁጥር መልሱ፣ ሰውን ተዉ የሚል። ሰባተኛው መላሽም በመልስ 10 ሩቡን እቀበላለሁ፣ ግን መኖ ሲባል ደረቅ መሆኑ ከመጀመሪያው መነገር ነበረበት ብሎ ረገበ።

መልስ 11 ወደ ቀይ ቀበሮ ይመልሰናል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ተዝናንቶ እየተራመደ አይጥ እንደሚያድን ታይቷል፤ ግልገሎቻቸውን በአብዛኛው ስለማይነካ አይሸሹትም። በመንጋው መካከል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። መልስ 12 ጥናቱ በ2015 የታተመ፣ የተሠራውም መንዝ ጓሳ ላይ እንጂ ሰሜን ተራሮች ላይ አይደለም ብሎ አረመው፤ ቦታውን መጥቀስ ያስፈልጋል። ከዚያ ስለ ስፋት ጻፈ፦ ባሌ ላይ አይጥ በሞላበት ሜዳ አንድ የቀበሮ ቡድን የሚይዘው ግዛት 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይጥ በሳሳበት ቦታ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል። የላይኛው እርከን ላይ ያለ እንስሳ የሚያስፈልገውን ቦታ የሚወስነው ከታች የሚመጣለት ጉልበት ነው ማለት ነው። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየወጣ ሣሩን ሲያሳሳው ቀበሮው ያለ አንድ ጥይት ይጠፋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለተማሪ ቢደጋገም ደስ ይለኛል፤ ጥበቃ ማለት ዘበኛ ማቆም ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና።

መልስ 13 ስድስተኛውን መልስ ጠቅሳ ሳይበላ የቀረው 75,000 ተረሳ ትላለች። ዋናው መስመር እኮ እሱ ነው። ምስጥ፣ የምድር ትል፣ ፈንገስና ባክቴሪያ የሚኖሩት በዚያ ነው። በመጽሐፉ ሥዕል ግን አብስባሽ ጥግ ላይ እንደ እንጉዳይ ተስሎ ይቀመጣል። ሰንሰለቱን ስትስሉ ከሣሩ ሁለት ቀስት አውጡ፣ ወደ ሙት አካል የሚሄደውንም ከሌላው ሦስት እጥፍ አወፍሩት ትላለች። ጅብና ጥንብ አንሣም እዚህ መስመር ላይ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ከብት በዳይክሎፌናክ መድኃኒት ሲታከም ሬሳውን የበሉት ጥንብ አንሦች በኩላሊት ሞቱ፤ ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፣ በ2006 መድኃኒቱ ለእንስሳት ተከለከለ። በመካከሉ ሬሳው ለውሻ ቀረ፣ ውሻ በዛ።

መልስ 14 ኩበትን አነሣ፤ ነገሩም ከደምቢያ እስከ ደባርቅ ያለውን ቤት ሁሉ ይመለከታል። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ጉልበቱ ለአብስባሾቹ መሆኑ ቀርቶ ለምድጃው ሆነ፤ ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነበር፣ ጉልበት በየቀኑ ከፀሐይ ይመጣልና። ንጥረ ነገር ግን ከፀሐይ አይመጣም፤ እዚያው ይዞራል። ኩበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጭስ ይበናል፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ጓሮ ላይ ቢበተን ከፊሉ ይመለሳል፤ ደጅ ላይ ቢጣል ጎርፍ ይወስደዋል። ጉልበት ያልፋል፣ ንጥረ ነገር ይመላለሳል የሚለውን ልዩነት ለማስረዳት ከኩበት የተሻለ ምሳሌ ጎንደር ውስጥ አላውቅም።

መልስ 15 ከመስመር ወጣ። ጉልበቱ ወደ ላይ ይህን ያህል የሚባክን ከሆነ ሥጋ ትተን ሽሮና ምስር ብንበላ ብዙ ሰው አይጠግብም ወይ ይላል። መልስ 16 በብስጭት መለሰ፦ ጤፍ የማይበቅልበትን ድንጋያማ ተዳፋት ወደ ምግብ የሚለውጠው ፍየልና በግ ነው፤ የጠፋው ጉልበት ለሰው ሆድ የሚሆን አልነበረም። እህል እየበላ የሚደልብ ከብት ግን ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ የ15ኛው ሐሳብ ይሠራል። መልስ 17 የጾሙን ወራት አንሥቶ አብዛኛው ሰው በዓመቱ ብዙ ቀን በመጀመሪያው እርከን ላይ ነው የሚመገበው አለ፤ ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ተገባና መልስ 18፣ 19 እና 20 በዚሁ አለቁ። አወያዩ በ21 ያንን የሃይማኖት ክርክር ወደ ሌላ ክር አዞረው።

መልስ 22 ከዓሣው ጣናን ይዞ ተመለሰ፤ የጎርጎራ ዳርቻን እንደሚያውቅ አጻጻፉ ይናገራል። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነገር ግን ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ጭቃውን ያናውጠዋል፣ የመገጭ ወንዝም በክረምት አፈር ያመጣል፤ ብርሃኑ ርቆ ስለማይገባ አልጌው የሚያመርተው ከላይኛው ስስ ውኃ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በቀጥታ አልጌና ተክል ስለሚበላ ሁለተኛው እርከን ላይ ነው፤ በብዛት መጠመዱም ለዚህ ነው። የጣና ባርበሶች ግን ልዩ ናቸው፦ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ዓሦች ሆነው ከአሥራ አምስቱ ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። ከላይኛው እርከን ስለሆኑ ቁጥራቸው ቀድሞም ያነሰ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጡ መግቢያው ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ እንቁላላቸው የሚያርፍበት ጠጠርም ለግንባታ ይጫናል። በዚያ ወቅት የሚጠመድ አንድ ዓሣ በሌላ ጊዜ ከሚጠመደው ጋር እኩል አይቆጠርም።

መልስ 23 እምቦጭ የሐይቁን ጉልበት አጠፋው ብላ ጻፈች። መልስ 24 በትዕግሥት አረማት። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ሲታወቅ የመጣው እንግዳ ራሱ ኃይለኛ አምራች ነው፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሐይቁ የሚይዘው የፀሐይ ጉልበት አልቀነሰም፣ መንገዱን ነው የለወጠው። በፊት በአልጌ፣ በረቂቅ እንስሳት፣ በትንንሽ ዓሦች ወደ ትልልቁ ይሄድ ነበር። አሁን ምንጣፉ ብርሃኑን ከልሎ አልጌውን ያስርባል፤ እምቦጩን የሚበላ ዓሣ ስለሌለ ጉልበቱ ሞቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ስለዚህ ታጭዶ ዳር ላይ መከመሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ዝናብ ጭማቂውን ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ርቆ መወሰድ፣ ደርቆ መቃጠል ወይም ኮምፖስት መሆን አለበት።

መልስ 25 አጭር ግን ከባድ ነው፦ ጉልበት ወደ ላይ ሲያንስ መርዝ ይበዛል። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟና ከሰውነት በቀላሉ ስለማይወጣ፣ ሎንግ አይላንድ አሜሪካ ላይ ሲለካ ውኃ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 0.000003 የነበረው ዓሣ በል ወፍ ላይ ከሚሊዮን እጅ 25 ደርሷል። ዘጠና በመቶው ምግብ ሲቃጠል መርዙ አብሮ አልተቃጠለም። እርሻ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሁሉ ቢያውቀው የሚል ተስፋ አክሏል። መልስ 26 ግን ሁሉም ኬሚካል እንዲህ አይደለም፣ በውኃ የሚሟሟው በሽንት ይወጣል፣ ሁሉን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው።

መልስ 27 ለክፍል የሚሆን ሥራ አቀረበች። ከሽቦ 50 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ክረምቱ ሲጀምር ግጦሽ እንዳይደርስበት በእሾህ አጥሩት፤ መስከረም ላይ ከውስጡ ያለውን ሣር ከአፈሩ ልክ በመቀስ ቁረጡ። የአምናውን ድርቆሽ ለዩ፣ አፈሩን አራግፉ። በ65 እና 70 ዲግሪ መካከል ለ48 ሰዓት አድርቃችሁ መዝኑ። 60 ግራም ቢወጣ በ4 ሲባዛ 240 ግራም በካሬ ሜትር ነው። አንድ ግራም ደረቅ ሣር 17 ኪሎጁል ስለሚይዝ 4,080 ኪሎጁል። በ90 ቀን፣ በቀን 18 ሜጋጁል ፀሐይ ቢወርድ 1,620 ሜጋጁል ነው። ሣሩ የያዘው 0.25 በመቶ ገደማ ሆነ።

መልስ 28 ሥሩ ተረስቷል አለ፤ በሣር ምድር ከምርቱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከመሬት በታች ነው፣ ስለዚህ 0.25 ትክክለኛውን በእጅጉ ያሳንሳል። ሥር መቆፈርና ማጠብ ለትምህርት ቤት ከባድ ከሆነ ቢያንስ ውጤቱ ከመሬት በላይ ያለው ብቻ መሆኑ ይጻፍ።

መልስ 29 ምድጃ ለሌለው ትምህርት ቤት ነው። ሣሩን በወረቀት ከረጢት ፀሐይ ላይ አስጥቶ በየቀኑ መመዘን፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ያው ክብደት ሲመጣ ማቆም። ፀሐይ ብቻ ያደረቀው ሣር 10 በመቶ ገደማ እርጥበት ስለሚይዝ ያንን መቀነስ። በፌስታል ማድረግ አይሆንም፤ ላቡ ውስጥ ቀርቶ ሣሩ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ጉልበቱን ይበላል።

መልስ 30 ላይ ክሩ ቆሟል። የእሾህ አጥር ከብት ይከለክላል እንጂ አይጥና ፌንጣ አይከለክልም ይላል ጸሐፊው። ለአይጥ ቀዳዳው ከ1 ሳንቲሜትር ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት በአጥሩ ዙሪያ፣ ጫፉ 20 ሳንቲሜትር ወደ መሬት ተቀብሮ። ለፌንጣ የሚሆን ወንፊት ግን ብርሃኑን ስለሚቀንስ ሌላ ስሕተት ያመጣል፤ ፌንጣው ይግባ፣ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ የሚተወው ግማሽ ክብ የጥርስ ምልክት ያለበትን ቅጠል ልጆቹ ከመቶው ስንቱ እንደሆነ ይቁጠሩ።